የሙሽራዋ እንቅልፍ

እንቅልፍ ዛሬም እንደራቀው ነው። ውጭው ቀትር ሆኗል፤ የሙስካት ፀሐይ የመስኮቱን ብረት አግላ ጨርሳ ወደ ግድግዳው አልፋለች፤ ታጅሲር ግን መጋረጃውን በልብስ መቆንጠጫ ግጥም አድርጎ ዘግቶ፣ ሐኪሟ እንዳዘዘችው በጎኑ ተጋድሞ፣ አፍንጫው ላይ የጎማ ጭምብል አስሮ፣ ከራስጌው የተቀመጠችው የጫማ ካርቶን የምታህል ማሽን በቱቦ አየር እየገፋችለት፣ ዓይኑን ጨፍኖ ነገር ያመነዥካል። ሌሊቱን ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የድንጋይ ካባ በር ላይ ተቀምጦ ጠጠር የጫኑ መኪናዎችን ሲመዝን ነው ያደረው። የመሬት ጥናት ምሩቅ ነው፤ ያውም ከክፍሉ አንደኛ፤ አለቱን አይቶ ዕድሜውን የሚናገር ሰው አለቱን በቶን እየመዘነ ያረጃል። ይህን ባሰበ ቁጥር ደረቱ ውስጥ አንድ ነገር ሽቅብ ይነሳል፤ የሚነሳው ነገር ስም አለው፤ ስሙ ሙዕተሲም ነው።

ሙዕተሲም አገር ቤት፣ በባቡር ከተማዋ አትባራ፣ በአንድ አግዳሚ ወንበር አብሮት የተማረ ጓደኛው ነው፤ ኋላም የሚስቱ ወንድም። የዩኒቨርሲቲው የትምህርት ክፍል እነሱ በተመረቁበት ዓመት ከመካከላቸው አንድ ሰው ብቻ ለመምህርነት ሊያስቀር ወሰነ፣ ቦታዋ በውጤት የታጅሲር ነበረች፣ እናቱ እንኳ ለጎረቤት ተናግራ ጨርሳለች፣ ማስታወቂያው ሲለጠፍ ግን የሙዕተሲም ስም ወጣ። የዲኑ ቤትና የሙዕተሲም አባት ቤት ግድግዳ ይጋሩ ነበር፤ በግድግዳውም መሃል፣ ወዳጅና ዘመድ ሁሉ እንደሚያደርገው፣ ሴቶች ሳህን የሚቀባበሉባት ትንሽ በር ነበረች፤ ታጅሲር ዕጣ ፈንታው በዚያች በር በሳህን ተሸፍና እንዳለፈች እርግጠኛ ነው። ያኔ የሙዕተሲምን እኅት ኢኽላስን አጭቶ ነበር። እጮኛን በወንድሟ ጥፋት መተው ነውር ነውና አገባት፤ ቂሙንም አብሮ አገባው። ተስኒም ተወለደች፣ ሥራ ጠፋ፣ ባሕር ተሻገረ፣ ከኢኽላስ ጋር በስልክ ሲነታረኩ ኖረው በስልክ ተፋቱ፣ እሷም ልጇን ይዛ ከወንድሟ አጥር አጠገብ ገባች፤ በአጥሩም መሃል እንዲሁ ትንሽ በር ተከፈተች። ከዚያ ወዲህ ከሙዕተሲም ጋር ቃል አልተለዋወጠም። ሲደክመው ግን ያደከመው ሙዕተሲም ነው። ጠዋት ራሱን ሲወቅረው፣ አፉ እንደ ቡትቶ ሲደርቅበት፣ ሚዛኑ ዳር ብዕር እንደያዘ ጭልጥ ሲልና ሾፌሮቹ በጥሩምባ ሲያባንኑት፣ ሁሉንም በእሱ ያሳብባል፤ የተበደለ ሰው እንዴት ይተኛል ይላል፣ ከተኛስ እንዴት ይነቃል።

ጭምብሉን ያመጣበት ሸሐታ ነው። ሸሐታ ክፍሉን የሚጋራው ግብፃዊ ነው፤ አየር ማቀዝቀዣ ይጠግናል፤ በሙቀቱ ወራት ቀትር ላይ ጣራ ላይ መሥራት ክልክል ስለሆነ ልክ ታጅሲር በሚተኛበት ሰዓት እሱ ለምሳ ከተፍ ይላል። የተማረ የመሰለውን ሰው ሁሉ «ባሽሙሃንዲስ» ነው የሚለው፤ መሐንዲስ ሆነም አልሆነም።

«ባሽሙሃንዲስ» አለው አንድ ቀን፣ ፉሉን በዳቦ እየጠረገ፣ «አንተ ስትተኛ እኔ ምሳዬን አልበላም። ትንፋሽህ ጥፍት ይላል። ለቀብርህ ማንን ልጥራ እያልኩ ሳስብ፣ ጎርፍ እንደ ወሰደው በሬ አጓርተህ ትመለሳለህ።»

«አንኮራፋለሁ እንጂ አልሞትም። አባቴም ያንኮራፉ ነበር። የሞላለት ወንድ ያንኮራፋል።»

«ለአንተ ምን ሞላልህ? እንካ፣ ስማው።»

ሸሐታ ስልኩ ላይ ቀድቶታል። ታጅሲር መጀመሪያ ተቆጣ፣ የተኛ ሰው ድምፅ ይሰረቃል እንዴ አለ፣ ቀጥሎ ሰማ። መጀመሪያ ደረቅ ግንድ የሚቆርጥ መጋዝ ነበር። መጋዙ ፈጠነ፣ ተንተፋተፈ፣ ከዚያ ዝም አለ። ዝምታው ረዘመ። የአየር ማቀዝቀዣው ይሰማል፣ መንገድ ላይ የጋዝ ሻጩ ሲሊንደር ሲያንኳኳ ይሰማል፣ የሸሐታ ሹክሹክታ ይሰማል፣ «ተንፍስ አንተ ሰውዬ፣ ተንፍስ፣ የአላህ ያለህ»፣ ታጅሲር ብቻ የለም። በገዛ ክፍሉ፣ በገዛ አልጋው ላይ እሱ የሌለበትን ጊዜ ቁጭ ብሎ አዳመጠ። ከዚያ አንድ ሰው ከውኃ ሥር ብቅ አለ፤ አቃሰተ፤ ያ ሰው እሱ ነበር። ሸሐታ ዳቦውን አስቀምጦ፣ ሳቁን ትቶ፣ «እንዲህ ነው በየቀኑ» አለው።

ሆስፒታል አስተኙት፤ ጭንቅላቱ ላይ፣ ደረቱ ላይ፣ እግሩ ላይ ሽቦ ለጣጠፉበት፣ ጣቱ ላይ ቀይ መብራት ቆነጠጡበት፤ ተኝቶ ሲነሳ ውጤቱን የያዘችው ኢራቃዊቷ ሐኪም፣ ዶክተር ነዳ፣ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ሰቅላ አየችው። ጎልማሳ ናት፤ ድምፅዋ እንደ እኅት ነው።

«እርስዎ የሚተኙ ይመስልዎታል፤ አይተኙም» አለችው። «ሰውነትዎ ሲዝል የጉሮሮዎ ሥጋ ይላላል፣ ምላስዎ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ የአየሩ መንገድ ይደፈናል። ደረትዎ ይጎትታል፤ አየር የለም። አንጎልዎ ይደነግጥና ያባንንዎታል፣ አንዴ ይተነፍሳሉ፣ መንቃትዎን እንኳ ሳያውቁ ተመልሰው ይተኛሉ፣ እንደገና ይደፈናል። ታንቀው፣ ልክ ነፍስዎ ልትወጣ ስትል እየተለቀቁ ነው የሚያድሩት።»

«በማን እጅ?» አለ ታጅሲር። ለምን እንደዚያ እንዳለ አያውቅም፤ አፉ ላይ መጣለት።

«በማንም። በራስዎ ሥጋ።» ወደ ጎን እንዲዞር ነገረችው፤ አገጩን በሁለት ጣቷ ያዘች። «ይህ ወደ ኋላ የሸሸ አገጭ የማን ነው?»

«የአባቴ።»

«በምን ሞቱ?»

«በደህና። ተኝተው ነው ያለፉት።»

ዶክተር ነዳ ይህን ወረቀቱ ላይ ጻፈች። «ከእርስዎስ የወረሰ አለ?»

ሳቀ። «አንዲት ልጅ አለችኝ፣ ሌላው መልኳ የእናቷ ነው፤ አገጯ ብቻ የኔ ሆነ።»

«እንግዲህ ይንገሯት። ይህ መንጋጋ ያለው ሰው ጉሮሮው ጠባብ ነው። ከልክ በላይ እንዳትወፍር፣ አንገቷ ላይ የሚከማቸው ሥጋ መንገዱን ያጠብበዋል። በጀርባዋ እንዳትተኛ። የምታንኮራፋ ከሆነ ሐኪም ይያት። ከሁሉም በላይ ግን የሚያስተኛ መድኃኒት እንዳትነካ፤ እኛን የሚያድነን የሚያባንነው አንጎል ነው፤ መድኃኒቱ እሱን ነው የሚያስተኛው።»

እሺ አለ። ማሽኗን ተሸክሞ ወጣ። ለልጁ ግን አልነገራትም፤ ልትዳር ነውና ከሠርጉ በኋላ እነግራታለሁ አለ፤ የኢኽላስ ቤት ስልክ ሲደወልለት ሙዕተሲም በትንሿ በር ብቅ የሚልበት ቤት ነው፤ ድምፁን ከበስተኋላ በሰማ ቁጥር ለሳምንት ደሙ ይፈላል፤ እና ተወው፣ ተረሳው፣ ነገሩ የእሱ በሽታ እንጂ የእሷ አልመሰለውም። አሁንም ጭምብሉ ውስጥ ሆኖ ይህንኑ ያስባል፤ ማሽኗ ትገፋለች፤ እሱ ይተነፍሳል፤ ሸሐታ ከወዲያ አልጋ ላይ ሩዝ ይበላል፤ ስልኩም ትራሱ ሥር ተንቀጠቀጠ።

የኢኽላስ የድምፅ መልእክት ነው። ለወትሮው አትልክም፤ ሠርጉ ሲቃረብ ግን የፍቺው ጠብም ጥቂት ጋብ ብሏል። ጭምብሉን ሳያወልቅ ስልኩን ጆሮው ሥር አስቀመጠ።

«የተስኒም አባት፣ እንዴት ነህ፣ ሰላም ነህ ወይ፣ ጤናህስ? ልጅህን ብታያት አታውቃትም፣ ማሻ አላህ! ጉንጯ ሞልቶ፣ አንገቷ ቀለበት አውጥቶ፣ ቆዳዋ በግራሩ ጢስ ወርቅ መስሎልሃል። አክስቴ ኑራ ያመጣችላት የማወፈሪያ ክኒን ተአምር ነው፤ ሴቶቹ ስሙን የጎረቤት ቅናት ብለውታል። ትበላለች ትተኛለች፣ ትበላለች ትተኛለች። ይኸው አሁንም አጠገቤ ጭልጥ አድርጎ ወስዷታል። ስማት እስቲ፣ ስማት! ቁርጥ አንተን!» ሴቶች ሳቁ። «እኔ ሄና ልገዛ ገበያ ልወጣ ነው። እንዳልከው አድርገናል፤ የሙዕተሲም ልጅ ሙሽራ ሆና እንደ ደረቅ እንጨት ስትወጣ አገር የሳቀው ሳቅ በኛ አይደገምም።»

ከሳቁ ሥር ግንድ የሚቆርጥ መጋዝ ነበር። ታጅሲር ዓይኑን ገለጠ። መጋዙን ያውቀዋል። መጋዙ ፈጠነ፣ ተንተፋተፈ፣ ኢኽላስ ስለ ሄናው እያወራች ሳለ ዝም አለ፤ እሷ አልሰማችውም፤ ሴቶቹ አልሰሙትም፤ ዝም እንዳለ ሰላምታዋን ጨረሰች፣ ዝም እንዳለ ደህና ዋል አለች፣ መልእክቱ ዝምታው ላይ ተቆረጠ።

ከውኃው ሥር ማንም አልወጣም።

ተነሳ። ቱቦው ማሽኗን ከጠረጴዛው ጎትቶ መሬት ላይ ጣላት። ጭምብሉን አላወለቀውም፣ ጭምብሉን እንደ ለበሰ ክፍሉ መሃል ቆሞ መልእክቱን ደገመው፤ ሸሐታ ማንኪያውን አፉ አጠገብ እንደያዘ ያየዋል፤ እንደገና መጋዙ፣ እንደገና ሄናው፣ እንደገና ደህና ዋል፣ እንደገና ምንም። ይህ እንዴት ይሆናል ይላል ውስጡ፣ ይህ እንዴት ይሆናል፣ ልጅ ናት፣ ገና ሃያ ዓመቷ ነው፣ ሙሽራ ናት፣ በአራት ግድግዳ ውስጥ ተዘግቶባት የምትጠበቅ፣ የምትታሽ፣ የምትታጠን፣ ፀሐይ የማይነካት፤ በመቶ ዓይን የምትጠበቀውን ልጅ በገዛ አልጋዋ ላይ ማነው የሚያንቃት፤ እናቷ አጠገቧ ተቀምጣ ትስቃለች፣ እነሱ ይስቃሉ፣ የሞላላት ሙሽራ ታንኮራፋለች ይላሉ፣ ልክ እሱ ስለ አባቱ እንደሚለው፤ አባቱ፤ በደህና ተኝተው ነው ያለፉት ብሎ ለሐኪሟ የነገራት፣ ለሁሉም ሰው የሚነግረው፣ በኩራት የሚነግረው፣ አባቱ ጠዋት ሲቀሰቅሷቸው እጃቸው ደረታቸውን ቆንጥጦ ነበር፤ ለምን እንደ ቆነጠጠ በዚያ ቤት ማንም አልጠየቀም። እና ተስኒም በሠርጉ ወሬ መጀመሪያ ላይ ደውላለት ነበር፤ ደውላ ነበር እኮ፤ «ባባ፣ ንገራቸው፣ ሙሽራው እንዲህ ቀጭን ሆኜ ነው የወደደኝ፣ ክኒኑ ያዞረኛል፣ ቀኑም ሌሊቱም ይቀላቀልብኛል፣ አንተን ይሰሙሃል»፣ እሱም ሚዛኑ ላይ ቆሞ፣ አንድ ሾፌር ጥሩምባ እየነፋበት፣ «የሴቶቹን ምክር ስሚ፣ የኔ ልጅ እንደ ሙዕተሲም ልጅ ደርቃ አትወጣም» ብሎ ዘጋው። ሙዕተሲም ሙዕተሲም ሙዕተሲም። ክኒኑን ሳይቀር በሙዕተሲም ስም አዘዘላት።

«ባሽሙሃንዲስ፣ ምን ሆንክ? ፊትህ እኮ ደም የለውም።»

ኢኽላስ ጋ ደወለ። ጠራ፤ ጠራ፤ ተነሳ።

«ሄሎ! ማነህ? ጮክ በል!» አክስት ኑራ ናት፤ ስልኩን ከጆሮዋ ሳይሆን ከአፏ ፊት ይዛ የምትጮህ።

«አክስቴ፣ ታጅሲር ነኝ። ኢኽላስስ?»

«ገበያ ወጣች፣ ስልኳን ረስታ። ከገበያውም የምትረሳው አይጠፋም! ደህና ነህ? ለሠርጉ ትመጣለህ ወይስ እንደ ወትሮህ ድምፅህን ነው የምትልከው?»

«ተስኒም የት ናት?»

«የት ትሆናለች፣ ተኝታለች፤ በሯን ገርበብ አድርጌ ወጥቻለሁ።»

«ቀስቅሻት።»

«ምን?»

«አክስቴ፣ እባክሽ፣ አሁን ቀስቅሻት። ትንፋሿ ይቆማል።»

«አፍህን በጎ አናግረው! በሙሽራ ላይ ሞት ይጠራል? ሙሽራ ተኝታ ነው እኮ ሥጋ የምታወጣው፤ እንቅልፏን ሰብሬ ድካሜን ሁሉ ገደል ልክተት?»

«ስንት ክኒን ነው የሰጣችኋት?»

«አንድ አንድ ነበር። ቀኑ ሲቃረብ ደገምንላት። ዛሬ ደግሞ ሆዴ ተረበሸ ብላ ስትነጫነጭ የሚያስተኛውን ጨመርኩላት፣ አላህ ይባርካት ወዲያው ዕልም አለች።»

«የሚያስተኛውን?» ድምፁ ተሰነጠቀ። «አንቺ ሴትዮ፣ ልጄን ልትገይብኝ ነው?»

ቀዝቀዝ ብላ፣ «ስማኝ ታጅሲር» አለችው፣ «እኔ የዚህን ሠፈር ሙሽራ ሁሉ በእጄ አወጣሁ። አንተ በልጅህ ደስታ እንኳ መርዝ መትፋትህን አልተውክም። ከሩቅ ሆነህ ዓይንህን አታግባባት» ብላ ዘጋችው። ደግሞ ደወለ፤ ስልኩ ጠፍቷል።

ሸሐታ ተነስቶ ጭምብሉን ከፊቱ አወለቀለት፤ ታጅሲር እንደ ልጅ ቆሞ ተፈታለት። ምን እንደ ሆነ በአንድ ትንፋሽ ነገረው። ሸሐታ መልእክቱን ሰማ፤ ዝምታው ጋ ሲደርስ ፊቱ ተለወጠ።

«ሌላ ሰው ጥራ።»

«ሌላ ሰው የለም።»

«እንዴት የለም? አትባራ ሙሉ ሰው አይደለም እንዴ?»

«አንድ አለ። ከአጥሩ በዚያ በኩል።»

«ታዲያ ደውልለታ!»

«አልደውልለትም። ይሄ ሰውዬ እኮ—»

«ቦታዋን የወሰደብህ ነው? ዲኑ? ግድግዳው? ሳህኑ?» ሸሐታ ሁለት እጁን አነሳ። «እሱን ታሪክ በቃሌ ይዤዋለሁ፤ ከሚስቴ ልደት ይልቅ አውቀዋለሁ። እና ልጅቷ ትሙት?»

ታጅሲር አየው። እንደዚህ ያለ ቃል ከሸሐታ አፍ ሰምቶ አያውቅም። ስልኩ ውስጥ የሙዕተሲም ቁጥር አለ፤ አጥፍቶት አያውቅም፤ ስሙን ግን ለውጦታል፤ «ሌባው» ብሎ ነው ያስቀመጠው። ደወለ፤ ስልኩ ላይ «ሌባው» ጋ በመደወል ላይ የሚል ጽሑፍ ወጣ፤ ይህን ሰው መጀመሪያ ሲያናግረው የሚለውን በየሌሊቱ ሚዛን ላይ አስተካክሎ፣ ቃሉን መርጦ፣ እያንዳንዱን ስድብ በቦታው ሰድሮ ነበር፤ የመጀመሪያዋ ቃል እንኳ ጠፋችው።

«ታጅ?» አለ አንድ ያረጀ ድምፅ።

ታጅሲር ስልኩን ጆሮው ላይ አጥብቆ ያዘ።

«ታጅ ነህ አይደል? ቁጥርህ አለኝ።» ሙዕተሲም ጉሮሮውን ጠረገ። «ይህን ጥሪ ስጠብቅ ሸበትኩ። ስማኝ፣ ስለዚያ ቦታ የምነግርህ—»

«ቦታውን ተወው። ቤት ነህ?»

«ቤት ነኝ።»

«ጫማ አታድርግ። በትንሿ በር ግባና ተስኒምን ቀስቅሳት። በጀርባዋ ተኝታ ይሆናል፣ የሚያስተኛ ክኒን ሰጥተዋታል፣ ትንፋሿ ይቆማል፣ ሰማኸኝ? የኔ በሽታ ነው። እኔ ነኝ ያወረስኳት። ሩጥ።»

«የሙሽራ ጢስ ቤት? ታጅ፣ ሴቶቹ ራቁቷን ቀብተዋት ቢሆንስ? አክስት ኑራ በዘነዘና ነው የምትለኝ—»

«ሙዕተሲም!» ይህን ስም ጮክ ብሎ ከጠራው ስንት ዘመኑ ነው። «እለምንሃለሁ።»

ከዚያ ባዶ እግር ሲሮጥ ሰማ። የቆርቆሮ በር ሲበረገድ ሰማ። ዶሮዎች ተበተኑ፤ አክስት ኑራ «ወንድ! ወንድ!» ብላ ጮኸች፤ የሆነ ሳህን ወደቀ፤ ሙዕተሲም «ዞር በይ፣ አጎቷ ነኝ እኮ» አለ፤ ሌላ በር። ከዚያ የአንድ ትንሽ ክፍል ጸጥታ። ታጅሲር ጣቱን ነክሷል። ሸሐታ አጠገቡ ቆሞ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል።

«ተስኒም» አለ ሙዕተሲም እዚያ። «ተስኒም፣ ልጄ። ተስኒም!» ድምፁ ከፍ አለ፣ ከዚያ ተለወጠ። «ታጅ... ከንፈሯ ጥላሸት መስሏል።»

«ቀና አድርጋት! በአንገቷ ሥር እጅህን አግባና አስቀምጣት! አገጯን ወደ ፊት ሳበው፣ ወደ ፊት!»

የገመድ አልጋ ሲጥ ሲጥ አለ። ሙዕተሲም አቃሰተ፤ ከብዳዋለች፤ ሁላቸውም ያከበዷት። ምንም የለም። ታጅሲር ሙስካት ባለው ክፍሉ ውስጥ፣ አንድ ባሕርና አንድ በረሃ ርቆ፣ ስልኩን በጆሮውና በትከሻው መሃል ይዞ፣ ሁለት እጁን አየሩ ውስጥ ዘርግቶ ማንንም ሳይዝ አንገት ይደግፋል። «ያ አላህ» ይላል ሸሐታ። «ያ አላህ።» እና አንድ ነገር ተቀደደ፤ እንደ አሮጌ ሸራ፤ ልጅቷ ዓለሙን በሙሉ በአፏ ጎተተችው፤ ሳለች፤ አለቀሰች፤ ሳለች።

ታጅሲር ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

«አጎቴ?» አለች፣ ምላሷ ተሳስሮ። «ምን ሆናችሁ... ተዉኝ ልተኛ።»

«አታስተኛት» አለ ታጅሲር። «ሆስፒታል ውሰዳት። ክኒኖቹን ሁሉ ኪስህ ክተታቸው፣ የቱንም አትጣል፣ ሐኪሙ ይያቸው። አሁን፣ በመኪናህ።»

ግቢው ውስጥ ሴቶች ተሰብስበዋል። አክስት ኑራ ታለቅሳለች፤ ስለ ልጅቷ ይሁን ስለ ሠርጉ አይለይም፤ «በጠራራ ፀሐይ! ፊቷን ሳትሸፍን! በጎረቤት ፊት! ሙሽራዬ!» ትላለች። አንዲት ሴት «ምን አደረገቻት?» አለች፣ ሌላዋ «አየሽ እንዴት እንደተነፋች» አለች። የመኪና በር ተዘጋ። ሙዕተሲም ስልኩን ከፊት ለፊቱ አስቀምጦ ድምፁን ከፍ አድርጎታል መሰል፣ የአትባራ መንገድ ሁሉ ሙስካት ክፍሉ ውስጥ ገባ፤ የባቡሩ ማቋረጫ፣ የባለ ሦስት እግሮቹ ጥሩምባ፣ አንድ ነጋዴ ሐብሐብ ሲጠራ።

«እንዴት ናት?»

«እያንቀላፋች ነው፣ ታጅ። ጭንቅላቷ ይወድቃል። መንገዱ ተዘጋግቷል፣ ገና ነን።»

«አናግራት!»

«ተስኒም፣ ንቂ! ተስኒም!» ከዚያ በጭንቀት፣ «ምን ላውራት? አትመልስልኝም። ምን ላውራት?»

ታጅሲር አፉን ከፈተ። ስለምትወደው ነገር አጫውታት ሊለው ፈለገ፤ ምን እንደምትወድ አያውቅም። የምትስቅበትን ንገራት ሊለው ፈለገ፤ የምትስቅበትን አያውቅም። ይህን ሁሉ ዘመን በስልክ ያወራት ስለ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ግማሹን እየነገረ ግማሹን የሚያስቀረው፣ ሁልጊዜ እሱ ብቻ የሚናገርበት፣ እሷም በዝምታ የምትሰማው።

«ቦታዋን ንገራት» አለ።

«የቱን ቦታ?»

«ታውቀዋለህ። የኔን ወገን ሰምታዋለች። ያንተን ንገራት፤ ረጅም ነው፤ ሆስፒታሉ ድረስ ይበቃል።»

ሙዕተሲም ማርሽ ሲቀይር ተሰማ። ከዚያ፣ «ተስኒም» አለ፣ «እኔና አባትሽ ወጣት ሳለን... ትሰሚኛለሽ? ያን ዓመት ውጤት ከመለጠፉ በፊት ዲኑ አባቴን በግድግዳው ትንሽ በር ጠራው። እኔ ከመጋረጃው ኋላ ነበርኩ።»

«እህ» አለች ልጅቷ።

«አባቴን እንዲህ አለው...»

ሃያ ምናምን ዓመት ሊሰማው የሞተለት ነገር ነበር። በየሌሊቱ ሊሰማው የሞተለት ነገር እየተነገረ ነው፤ ስም በስም፣ ቃል በቃል፣ ማን ምን እንዳለ፣ ማን እንደ ለመነ፣ ማን ዝም እንዳለ። ታጅሲር ግን አንዱንም አልያዘም። ጆሮውን ስልኩ ላይ ለጥፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በሙዕተሲም ቃላት መካከል ያለውን ክፍተት ብቻ ያዳምጣል። እዚያ ውስጥ ትንፋሽ አለ። እንደገና አለ። ሙዕተሲም ለመተንፈስ ባረፈ ቁጥር እሱም ትንፋሹን ይይዛል።

ክፍተቱ ረዘመ።

«ተስኒም!» ብሎ ጮኸ። «ተስኒም! ከዚያስ በይው! ከዚያስ ምን አለ በይው!»

የባቡር ፊሽካ አለፈ። አንድ ጥሩምባ ነፋ። ታጅሲር አልተነፈሰም።

«ከዚያስ?» አለች ልጁ።